በቁይ ገበያ የተመታው ከበሮ

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓመተ ምሕረት፣ ሐሙስ ጧት፣ ፀሐይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ እንዳለች፣ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ከደብረ ማርቆስ ወጥታ፣ አምበርን ኋላዋ ትታ፣ ወደ ቁይ የሚወስደውን የአፈር መንገድ ያዘች። ጮቄ በስተግራ ራሱን በደመና ተከናንቦ ተቀምጧል፤ እህሉ ከማሳ ከተነሣ ቆይቷል፤ ገበሬው ለመጪው ክረምት እርሻውን ሊጀምር በሬውን ጠምዷል፤ ነገር ግን መኪናዋ ስታልፍ እርፉን ለቅቆ ቀና ያለ እንጂ እጁን አንሥቶ ሰላምታ የሰጠ አንድ ሰው አልነበረም።

ሰላምታው የተነፈገበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቷል፤ የጎጃም ባለርስት ግን አዋጁን እስከ መጨረሻው አላዳመጠም። «ገማች መጣ» ማለት ለእርሱ መሬትህ ሊለካ ነው ማለት ነው፤ መሬትህ ሊለካ ነው ማለትም ርስትህ ሊሄድ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል መስማት አላስፈለገውም።

ገማቾቹ በየካቲት ወር በሁለት ገበያ ተገኝተው ሰው ሁሉ እየሸሻቸው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ስለዚህ ከአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ ብልኅ ሰው «ገበሬ ሙዚቃ ሲሰማ ይሰበሰባል» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ ተጻፈ፤ ተፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። የጻፈውም፣ የፈረመውም፣ ማኅተሙን ያሳረፈውም በዚያ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሱ ጾመኞች ነበሩ፤ ሆኖም በዐቢይ ጾም ከበሮ ጭኖ ወደ ገጠር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንዳቸውም ልብ አላሉም። ሰው የገዛ ቤቱን ደጃፍ የሚስትበት ጊዜ አለ።

ልብ ያለ አንድ ሰው ቢኖር በመኪናዋ ላይ ነበር። ሦስት ገማቾች፣ አንድ ጸሐፊ፣ ስምንት ጠመንጃ የያዙ ነጭ ለባሾችና አምስት ሙዚቀኞች ተጨናንቀው ከተቀመጡበት መካከል፣ በቡልኮ የተጠቀለለውን ትልቅ ከበሮ ተደግፎ ወደ ምሥራቅ የሚመለከተው እርሱ ነው። ስሙ ባምላኩ እንዳላማው ይባላል፤ ዕድሜው ሃያ ሰባት፤ ሥራው የግዛቱ የሙዚቃ ጓድ ድራም መቺ። የተወለደው ከቁይ ገበያ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው፤ አባቱ ዛሬም እዚያው ናቸው።

አባቱ መሪጌታ እንዳላማው የወይራምባ ሚካኤል የዜማ መምህር ነበሩ። ልጃቸውን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከበሮ አስተማሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ቆዳ እንዲነካ አልፈቀዱለትም፤ በገዛ ጉልበቱ ላይ ነበር የሚያስመቱት። በማኅሌቱ ደረጃዎች ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገሩ፣ ምቱ እንደ ሽማግሌ እርምጃ ተጀምሮ እንደ ጎረምሳ ሩጫ እንደሚያልቅ፣ ነገር ግን በየትኛውም ቦታ ሁለት ምት አንድ ዓይነት ክብደት ሊኖረው እንደማይገባ ያስጠኑት ነበር። ሲሳሳት በቁንጥጫ፣ ሲያገኘው በዝምታ ነበር የሚመልሱለት፤ ከመሪጌታ አፍ ምስጋና የሰማ ተማሪ በዚያ ደብር አልታየም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የደብሩ ከበሮ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ጸናጽሉም ያርፋል፤ ካህናቱ ሃምሳ አምስቱን ቀን በመቋሚያ ብቻ እያዜሙ ይሰነብታሉ። ከበሮው ዳግመኛ የሚወጣው የትንሣኤ ዋዜማ በሆነው በቀዳም ሹር ጧት ነው። በወይራምባ ሚካኤል የዚያችን ጧት የመጀመሪያ ምት ከዐሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚመታው ባምላኩ ነበር፤ ከተማ ገብቶ ሥራ ከያዘ በኋላም ለገናም ለመስቀልም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ለቀዳም ሹር ግን እየጠየቀ ይመጣ ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ ለቀቅ ያለ ሰው ነበረ፤ ያቺን ጧት ግን ለማንም አይሰጥም።

በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ደብረ ማርቆስ ወርዶ የሙዚቃ ጓዱ ውስጥ ተቀጠረ። እዚያ ታምቡር ሰጡት፤ ሰልፍ አስተማሩት፤ ሁሉም ምት እኩል፣ ሁሉም እግር እኩል። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ደህና አድርጎ አገለገለ፤ ደስ ብሎት ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል።

ደስታው የመጣው ከነጋዴው ከበሽር ቤት ነው። በሽር በደብረ ማርቆስ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ በየገበያው ቀን ጨርቁን በአህያ ጭኖ እስከ ቁይና እስከ መርጡለ ማርያም የሚዘልቅ፣ የተከበረ ሰው ነበር። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ከግቢው አንዲቱን ክፍል ራሞን ለሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር አከራየ። ራሞን ዜግነቱ አሜሪካዊ ይሁን እንጂ የተወለደው ከሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ነው፤ በእናቱ ቤት የሚነገረው የእስጳንያ ቋንቋ ነው፤ ከሻንጣው ውስጥም ከመጽሐፍ ይልቅ ሸክላ ይበዛ ነበር። ሸክላዎቹ የሜክሲኮ ጎረምሶች የአሜሪካኖችን ሮክ ወስደው በገዛ ቋንቋቸው የዘፈኑባቸው ነበሩ።

ባምላኩ፣ ራሞን ራዲዮ ይጠግናል ሲሉት፣ ራዲዮውን ለማሠራት መጥቶ ነው ሸክላዎቹን የሰማቸው። ራዲዮውን ረስቶ ተቀመጠ። ምቱ እንደ ሰልፍ አይረግጥም፤ ወደፊት ይወድቃል፤ ሊወድቅ ሲል ይያዛል። በአንዱ ሸክላ ላይ ደግሞ ከድራሙ ሥር ሌላ ነገር ሰማ፤ ሦስት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሁለት ምት፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«እንጨት ነው» አለ ራሞን፣ በዚያች በምትሰባበር አማርኛው። «ሁለት እንጨት። ከኩባ የመጣ።»

«ቆዳ የለውም?»

«ቆዳ የለውም።»

«እኛም በጾም እንዲሁ ነን» አለ ባምላኩ። ራሞን አልገባውም፤ ባምላኩም ለማስረዳት አልሞከረም። በሳምንቱ ከደረቀ ወይራ ሁለት አጫጭር ዱላዎች አስጠርቦ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት የሕይወቱ ጥሩ ጊዜ ነበር። ራሞን ጊታር ይመታል፤ ከጓዱ ጥሩምባ ነፊ የነበረው ታረቀ ይዘፍናል፤ ባምላኩ ድራሙን ይዟል። ታረቀ የእስጳንያውን ግጥም በፊደል ገልብጦ እያነበበ ስለሚዘፍን፣ ቃሉ ሁሉ አንዳች የግእዝ ቃና ነበረው። የከተማው ሰው ዘፈኑን እንግሊዝኛ ነው ብሎ ነበር የሚሰማው፤ እንዲያውም አንዳንድ ተማሪዎች ለፈተና ይጠቅመናል ብለው ቃሎቹን በደብተር ይጽፉ ነበር ይባላል። ፈተናውን እንዴት እንዳለፉት አልተመዘገበም።

በ፲፱፻፶፱ ግንቦት መሪጌታ እንዳላማው ለደብሩ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ወረዱና፣ ሳያስቡት፣ ከአንድ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆመው ልጃቸው ሲመታ ሰሙ። እስኪያልቅ ጠበቁት።

«ምንድን ነው የሚለው ዘፈኑ?» አሉ።

«አላውቅም፣ አባቴ። የፍቅር ነው ይላሉ።»

«የማታውቀውን ነው የምታጅበው?»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ግእዙን መቼ አውቄው አጀብኩ?»

መሪጌታ ዝም አሉ። በዝምታቸው ውስጥ ምን እንደነበረ ልጁ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ደፍሮ ቀና ብሎ አያቸው።

«ስማኝ» አሉ። «ዓለማዊውን ምታ፤ እንጀራህ ነው፤ አልከለክልህም። በጾም ቆዳ ከነካህ ግን የቀዳም ሹርን ከበሮ አትይዝም። እኔ ብሞት እንኳ አይሰጡህም።»

«አልነካም።»

«ማል አላልሁህም። ቃልህ ይበቃኛል።»

እንግዲህ የኋለኛው ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህች ንግግር ላይ ነው። በ፲፱፻፷ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ ራሞን አዲስ አበባ ላሉ ወዳጆቹ ስለ ባምላኩ ነግሯቸው ኖሮ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል የእስጳንያ ዘፈን የሚጫወት ቡድን ድራም መቺ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ፤ የቀረው የአለቃው ፊርማ ነበር። አለቃው ሻምበል ዓባይ ይባላል፤ የሙዚቃ ጓዱ አዛዥ ነው፤ አንድም መሣሪያ መጫወት አይችልም፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ለሹመት የቸኮለ ሰው ነበር እንጂ። ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈና የደረት ኪሱ ከተተው። «ከቁይ ስንመለስ እፈርምልሃለሁ» አለ።

መኪናዋ ቁይ ገበያ ስትደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ጨውና ሽንብራ የዘረጉ ሴቶች፣ በግ ያሰሩ ገበሬዎች፣ ከጨርቅ ክምሩ ኋላ የተቀመጠው በሽርም ጭምር፣ ሁሉም መኪናዋን በዝምታ ተቀበሏት። ገማቾቹ ጠረጴዛ ዘረጉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን አዘጋጀ፤ ወደ ጠረጴዛው የተጠጋ ግን አልተገኘም። ይልቁንም ገበያው ከዳር እስከ ዳር በቀስታ መሳሳት ጀመረ፤ በግ የነበረው በጉን እየፈታ ወደ ኮረብታው ያዘግም ነበር።

«ባምላኩ፣ ትልቁን ከበሮ ፍታ» አለ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ የመጣው ሻምበል። «ኮረብታው ማዶ ያለው ሁሉ ይስማ።»

«ሻምበል፣ ጾም ነው።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ጾም ሥራ አይከለክልም።»

«ሥራ አይከለክልም፤ ከበሮ ግን ይከለክላል። እዚህ አገር በዚህ ወር ከበሮ ከተመታ፣ መንግሥት ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚሉት።»

«ይኼ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አይደለም። የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ገበሬው ይህን በምን ያውቃል፣ ጌታዬ?»

ሻምበሉ ወደ ገማቾቹ አየ፤ እየተመለከቱት ነበር። ከዚያ የታጠፈውን ደብዳቤ ከደረት ኪሱ ግማሽ ያህል አወጣና መልሶ ከተተው። «ይህን ወረቀት የምትፈልገው ይመስለኝ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እፈልገዋለሁ።»

«እንግዲያው ምታ።»

ባምላኩ ከመኪናዋ ወርዶ ከጎኗ ቆመ። ወደ ላይ ቢያይ የወይራምባ ሚካኤል ጉልላት ይታየዋል። የአዲስ አበባን መድረክ ከልቡ ይመኘው ነበር፤ ደብዳቤውን ለመጨረሻ ጊዜ እንዳየውም ገብቶታል። ከካፖርቱ ውስጥ ሁለቱን የወይራ ዱላዎች አወጣና መታ። ሦስት ምት፣ ትንፋሽ፣ ሁለት ምት። ታረቀ ነገሩ ገብቶት ጥሩምባውን ዝቅ አድርጎ ተከተለው። በአቅራቢያ የነበሩ ሠላሳ አርባ ሰዎች ቀረብ አሉ፤ አንዲት ሽንብራ ሻጭ «ይኼስ ጾሙን ያከብራል» አለች። ምናልባት በቁይ አደባባይ የእስጳንያ ሮክ ዜማ የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ያለ ቃል፣ ያለ ቆዳ፣ በጾም ሥርዓት።

«ይኼ ነው ሙዚቃህ?» አለ ዋናው ገማች ወደ ሻምበሉ ዞሮ። «ከዚህ ዛፍ አያልፍም እኮ።»

ሻምበል ዓባይ ፊቱ ጠቆረ። መኪናዋ ላይ ዘሎ ወጣ፤ ከመኪናዋ የጭነት ሸራ ኋላ ገብቶ ቡልኮውን ገፈፈ፤ መምቻውን አነሣና ትልቁን ከበሮ ሰባት ጊዜ መታው። ድምፁ ሜዳውን ሞልቶ ኮረብታው ላይ ወጣ። ከሸራው ኋላ ያለውን ሰው ያየ የለም፤ ሰው ሁሉ ያየው ከመኪናዋ ጎን ዱላ በእጁ ይዞ የቆመውን የመሪጌታ እንዳላማውን ልጅ ነው። የሻምበሉን ክንድ ለማየት የተመቸ ቦታ ላይ የነበረው ከመኪናዋ ጀርባ ጨርቅ የዘረጋው በሽር ብቻ ነበር።

ከሰባተኛው ምት በኋላ ሴቶቹ ጨዋቸውን ጠቀለሉ። ከዚያም ከኮረብታው ሰው ይወርድ ጀመር፤ በመጀመሪያ ዱላ የያዘ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ የያዘ፤ አልተጯጯሁም፤ ይህም ነጭ ለባሾቹን የበለጠ አስፈራቸው። ድንጋይ ተወረወረ፤ የመኪናዋ የፊት መስታወት ረገፈ፤ ጠረጴዛው እዚያው ቀረ። ገማቾቹ አንድ ስም ሳይጽፉ አምበር ደረሱ።

ሻምበል ዓባይ በማግሥቱ ዘገባ ጻፈ። ከበሮውን ማን እንደመታው በዘገባው ውስጥ አልነበረም፤ ባምላኩ እንዳላማው ግን «በሕዝብ ፊት ከበሮ ምታ ተብሎ ቢታዘዝ እምቢ በማለቱ» ሃያ ቀን እንዲታሰርና ከሥራ እንዲሰናበት የሚል ነበረበት። ቅጣቱ ጸና። የአዲስ አበባው ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ፤ የሆቴሉም ቡድን ሌላ ሰው ቀጠረ።

ባምላኩ በእስር ላይ ሳለ ወሬው አገር አዳረሰ። በቁይ ገበያ በዐቢይ ጾም ከበሮ ተመታ፤ መቺውም የወይራምባው መሪጌታ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን በየወረዳው ባለርስቱ ጫካ ለመግባት ምክንያት ይፈልግ ነበርና፣ ይህም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። በገበያው የነበሩትና በዓይናቸው ከበሮውን ባምላኩ ሲመታ ያላዩት ሰዎች እንኳ፣ እያደር ያዩ መሰላቸው።

ሚያዝያ ፪ ቀን ተፈታ፤ የስንብት ወረቀቱን ተቀብሎ በበሽር ቤት ስምንት ቀን ተቀመጠ። ቀዳም ሹር ሁለት ቀን ሲቀረው «ነገ ወይራምባ እሄዳለሁ» አለ።

«ብቻህን አትሄድም» አለ በሽር። «እኔ አይቻለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ይሰሙሃል ብለህ ነው?»

«ሰሙ አልሰሙ፣ እኔ ምን ሆኜ ዝም እላለሁ?»

በቀዳም ሹር ጧት ከደጀ ሰላሙ ውጭ ባለው ወይራ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ከበሮው ከዕቃ ቤት ወጥቶ፣ ጨርቁ ገና ሳይፈታ፣ ከገበዙ ከቄስ አድማሴ አጠገብ ተቀምጧል። መሪጌታ እንዳላማው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዳር ቆመዋል፤ ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩትም።

«ልጃችን ነህ» አሉ ገበዙ። «ሕፃን ሆነህ እናውቅሃለን። ከበሮውን ግን ዘንድሮ አንሰጥህም።»

«አልመታሁም፣ አባቴ። ይኸው፣ የታሰርኩበት ወረቀት። አልመታም በማለቴ ነው የታሰርኩት።»

ገበዙ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ያነበቡት ነገር እውነት እንደመሰላቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። ነገር ግን ከተቀመጡት አንዱ፣ በዚያ ወር ሁለት ወንድሞቹ ሸፍተው ጫካ የገቡበት ገበሬ፣ «ማኅተም አለው?» ብሎ ጠየቀ።

«አለው።»

«የማን ማኅተም?»

«የመንግሥት ነው እንጂ የማን ይሆናል።»

«እንግዲያው ያው ርስታችሁን አንነካም ብሎ የመጣው ማኅተም ነው» አለ ገበሬው። «በእሱ የተጻፈውን ትናንት አላመንንም። ዛሬ ለመሪጌታ ልጅ ሲሆን ልናምን ነው?»

ሰውየው በጥላቻ አልነበረም የተናገረው፤ ወንድሞቹን ጫካ ያስገባውን፣ ማኅተሙ አይታመንም የሚለውን ቃል ነው የጠበቀው።

በሽር ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ገበዝ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሻምበሉ ነው የመታው። ወላሂ።»

«በሽር» አሉ ገበዙ በሐዘን፣ «ሃያ ዓመት ጨርቅ ስትሸጥልን አንድ ቀን አልዋሸኸንም። ዛሬም አትዋሽም። ግን ነገሩ የደብሩ ሥርዓት ነው፤ በአንተ ምስክርነት ከበሮ አስያዙ ብንባል ሕዝቡን በምን እንመልሰዋለን?»

በዚህ ጊዜ መሪጌታ እንዳላማው ተናገሩ።

«እኔ በዚያን ቀን እዚሁ ግቢ ነበርሁ» አሉ። «ሰባት ምት ሰምቻለሁ። ሰባቱም አንድ ናቸው፤ በክብደትም በርቀትም። አጥር የሚያጥር ሰው ቋሚ ሲተክል እንዲህ ይመታል። ይኼ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሁለት ምት አስተካክሎ መትቶ አያውቅም፤ እንዳይመታ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያ የልጄ እጅ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ገበዙ ቀስ ብለው፣ «መሪጌታ፣ አባት ነዎት» አሉ።

«አባት ሆኜ አይደለም የምናገረው። መምህር ሆኜ ነው።»

«እኔስ ገብቶኛል። ውጭ ለቆመው ሕዝብ ግን ሁለቱ አንድ ነው።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። የታሰረበት ወረቀት የመንግሥት ስለሆነ፣ ያየው ሰው እስላም ስለሆነ፣ የሰማው ሰው አባት ስለሆነ፣ ሦስቱም ምስክሮች ወደቁ፤ ከበሮውም ለአንድ ወጣት ዲያቆን ተሰጠ። መሪጌታ ገብተው ዜማውን መሩ፤ መምራት ግዳጃቸው ነውና። ባምላኩ ከቅጥሩ ሥር ቆሞ የመጀመሪያውን ምት ሰማ፤ ጥቂት ዘግይቶ የመጣ፣ የፈራ ልጅ ምት ነበር፤ አለቀሰም። በሽር ፊቱን ወደ አህያው መልሶ፣ ያልላላውን ጭነት ያጠብቅ ነበር።

ሥርዓቱ ሲያበቃ መሪጌታ ወደ ቅጥሩ መጡ።

«ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ፣ አባቴ።»

«ሂድ። እዚህ ብትቀመጥ በየዓመቱ በዚች ቀን ይፈርዱብሃል፤ እኔም በየዓመቱ ማየት አልችልም።»

«እርስዎ ስላመኑኝ…»

«ማመን አይደለም» አሉ መሪጌታ። «ሰምቻለሁ አልሁህ እኮ።»

ይህ ከመሪጌታ አፍ ለምስጋና እጅግ የቀረበው ቃል ነበር፤ ልጁም እንደዚያው አድርጎ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ሽፍትነቱ በየወረዳው ተስፋፋ፤ ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን በመንደር ላይ በረረ፤ ብዙ ሰውና ብዙ ቤት ከጠፋ በኋላ ገማቾቹ ወደ መጡበት ተመለሱ፤ አዋጁም በጎጃም ምድር ሳይሠራበት ቀረ። ባምላኩ አዲስ አበባ ወርዶ፣ በመጀመሪያ በመጠጥ ቤት፣ ቀጥሎ በአንድ መለስተኛ ሆቴል፣ ሰባት ዓመት ያህል ድራም መታ። በ፲፱፻፷፫ አንድ ሸክላ ላይ ገባ፤ ዘፈኑ የእስጳንያ ነው፤ ልባሱ ላይ የዘፋኙና የአሳታሚው ስም ተጽፏል፤ የድራም መቺው የለም። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የሁለት እንጨት ድምፅ ነው። መሪጌታ እንዳላማው በ፲፱፻፷፭ አረፉ፤ ባምላኩ ለቀብር መጣ፤ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ቀበረ፤ ወደ ከበሮው አልተጠጋም።

መንግሥት ተለወጠ። የገበሬ አመፅ የሚወገዝ ነገር መሆኑ ቀርቶ የሚወደስ ሆነ። በ፲፱፻፸፱ አንድ የታሪክ ተማሪ የጎጃምን አመፅ ሊያጠና ቁይ ሲደርስ፣ የወይራምባ ሰዎች ወንበር አቅርበው፣ በኩራት፣ ሁሉ ነገር የተጀመረው ከዚህ ገበያ እንደሆነ ነገሩት። የመሪጌታ እንዳላማው ልጅ ባምላኩ፣ የሻምበሉን ጠመንጃ ሳይፈራ፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በጾም ከበሮ መታ፤ በሰባተኛው ምት አገር ተነሣ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ያ ማኅተሙን የጠየቀው ገበሬ ነበር፤ በልቡም አይዋሽም ነበር።

ተማሪው ባምላኩን ፈልጎ አዲስ አበባ አገኘው። ፀጉሩ የሸበተ፣ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ለወጣቶች ድራም የሚያስተምር ሰው ነበር። «እኔ አልመታሁም» አለው፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው፤ የስንብት ወረቀቱንም አሳየው። ተማሪው በትዕግሥት አዳመጠና በጥናቱ ውስጥ፣ የአመፁ ቀስቃሽ እስከ ዛሬ ድረስ ድርሻውን በትሕትና እንደሚክድ ጻፈ።

ጥናቱ ታትሞ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ከእርሱ በኋላ የጻፉትም ይህንኑ እየጠቀሱ ጽፈዋል። አንድ ሻምበል በንዴት የመታቸው ሰባት ምቶች በባምላኩ እንዳላማው ስም ተመዝግበው ይኖራሉ። ሁለቱን እጆች ለይቶ የሚያውቅ አንድ ጆሮ ነበረ፤ እርሱም በወይራምባ ሚካኤል ግቢ፣ በስተ ምሥራቅ በኩል ተቀብሯል።